ክርክር፦ ዕጣውም ገንዘቡም ጣቢያው እጅ ሲሆን ተመልካች ምን ይዞ ይመን?

አወያይ፦ ሰላም ወገኖች። የዚህ ሳምንት መከራከሪያችን ይህ ነው። የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጣቢያዎች ተመልካቹን በስልክና በአጭር መልእክት እያስከፈሉ የሚያካሂዱት ውድድርና የድምፅ አሰጣጥ ከነጭራሹ ይከልከል? ወይስ ጠንከር ያለ ቁጥጥር ይበቃዋል?

መነሻ የሚሆነን እ.ኤ.አ. በ2007 ብሪታንያ ውስጥ የተጋለጠው ጉድ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠቀም። ብዙዎቻችሁ ያኔ እዚያው ስለነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ቻናል 4 ላይ ይተላለፍ የነበረው «ሪቻርድ ኤንድ ጁዲ» በስልክ የሚጫወቱትን ሰዎች መርጦ ከጨረሰ በኋላም ተመልካቹን «ደውሉ» ይል ነበር። አንዱ ጥሪ 1 ፓውንድ ገደማ ያስከፍላል። ይህ ከወጣ በኋላ ሌሎቹም ተከታትለው ተጋለጡ። ቻናል ፋይቭ «ብሬይንቲዘር» በሚባለው ጨዋታው አሸናፊ ሲያጣ የሌለ ሰው ስም ፈጥሮ «አሸነፈ» ብሏል። አንዳንዴም የዝግጅቱን ሠራተኛ በስልክ አሸናፊ አድርጎ አቅርቧል። 300 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ። የጠዋቱ ጂኤምቲቪ 2 ሚሊዮን፣ ቻናል 4 ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ተቀጡ። አይቲቪ በ2008 5.675 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለ። ቢቢሲም አልቀረለትም። የቀጣቸው ኦፍኮም ነው፤ የአገሩ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ።

መድረኩ የእናንተ ነው። ስድብ የለም።

ሾፌሩ፦ ይከልከል ባይ ነኝ። ሰውየው ከፍሏል፤ ዕጣው ውስጥ ግን የለም። ገበያ ላይ እንዲህ ያደረገ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚያድረው። እዚያ ግን አንድ ሰው እንኳ አልታሰረም። መቀጮ ተከፈለ፣ ይቅርታ ተባለ፣ ታለፈ።

የማስታወቂያ ሰው፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን ሁሉንም አንድ ላይ አትፈርጅ። እኔ በፕሮግራም ዝግጅት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ቀጥታ ስርጭት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ያላየው ሰው አይገባውም።

የቢቢሲን «ብሉ ፒተር» እንውሰድ። ከ1958 ጀምሮ ያለ የልጆች ፕሮግራም ነው። በኖቬምበር 2006 ለዩኒሴፍ ገንዘብ የሚያሰባስብ የስልክ ውድድር አዘጋጁ። ገንዘቡ ማላዊ ውስጥ በኤድስ ምክንያት ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት ነበር። የታዋቂ ሰው ጫማ ያሳያሉ፤ ልጆች ደግሞ የማን እንደሆነ ደውለው ይናገራሉ። ልጆቹ ደወሉ። መስመሩ ግን ተበላሸና ደዋዮቹን ስቱዲዮ ውስጥ ማግኘት አልተቻለም። ስርጭቱ ቀጥታ ነው። አቅራቢዎቹ ካሜራ ፊት ቆመዋል። ደቂቃው እየሮጠ ነው። በዚህ መሃል አንድ የዝግጅቱ ባልደረባ ስቱዲዮ ሊጎበኙ ከመጡት እንግዶች መካከል አንድ ሕፃን አየ። ስልክ አስያዙት። መልሱን ከውጭ እንደደወለ ሆኖ በአየር ላይ ተናገረ፤ አሸናፊም ተባለ።

ማንም ኪሱ አምስት ሳንቲም አልገባም። ይህንን ሰው ሲያስከፍሉ ከኖሩት ጋር እኩል ማየት ፍርደ ገምድልነት ነው።

የለንደኗ፦ እኔን ከሁሉ በላይ ያመመኝ እሱ ነው። እዚያ አገር ልጆቻችንን ስናሳድግ ከትምህርት ቤት መልስ የምናስቀምጣቸው እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ፊት ነበር። ቋንቋውንም ጨዋነቱንም ይማሩበታል ብለን ነው። ስልክ ያስያዙት ሕፃን ያን ቀን ምን ተማረ? ትልልቅ ሰዎች ሲጨንቃቸው እንደሚዋሹና እሱም እንዲያግዛቸው። አሥር ደቂቃ ስልክ ሲደውሉ የነበሩት ልጆችስ? ፈጽሞ ሊያሸንፉ አይችሉም ነበር።

አንድ ቀን ተሳስተው ነው እንዳልል ደግሞ ሌላ አለ። በዚያው ፕሮግራም በ2006 መጀመሪያ ለአዲስ ድመት ስም እንዲመርጡ ልጆቹን ድምፅ አሰጧቸው። ብልጫ ያገኘው «ኩኪ» ነበር። አዘጋጆቹ ግን «ሶክስ» ብለው አወጁ። የድመት ስም ነው እኮ! ምን ይጠቅማቸዋል? ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። በድመት ስም ላይ የልጆችን ድምፅ ገልብጦ ያወጀ ቤት ገንዘብ ሲመጣ ምን ያደርጋል ብዬ ነው የምጠይቀው።

የማስታወቂያ ሰው፦ እህቴ፣ ያንን ለሕዝብ የተናገረው ራሱ ቢቢሲ ነው። በፕሮግራሙ ላይ ይቅርታ ጠየቀ። ኩኪ የሚባል ሌላ ድመትም አመጣ።

የለንደኗ፦ አዎ ተናገረ። መቼ? በሴፕቴምበር 2007፣ ሌላው ሁሉ ከወጣ በኋላ። የስልኩ ነገርም የታወቀው በዚያ ቀን ስቱዲዮ ውስጥ የነበረ ጎብኚ ስለጻፈላቸው ነው። ያን ቀን ያንን የሚታዘብ እንግዳ ባይኖርስ?

ጋሽ ሬዲዮ፦ ልጆቼ፣ እኔም አንድ ነገር ልበል። ዕድሜዬን የፈጀሁት ሬዲዮ ቤት ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ከገንዘብ በላይ ይከነክነኛል።

ኦክቶበር 23 ቀን 1984 ቢቢሲ ላይ የወጣውን የኮረም ዘገባ የማያስታውስ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የለም። ዘጋቢው ማይክል በርክ ነበር፤ ምስሉን የቀረፀው ሞሐመድ አሚን። እንግሊዙ ተመልካች ኮረምን በካርታ ላይ እንኳ አያውቃትም። ወሎንም ትግራይንም አያውቅም። ምስሉን አየ፣ ድምፁን ሰማ፣ አመነ። ዘግቦ የነገረው ጣቢያ አይዋሽም ብሎ ስለሚያምን ቦርሳውን ፈታ። ከዚያ ዘገባ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ከመላው ዓለም እርዳታ ጎረፈ። በጣም ዘግይቶ ነበር፤ ብዙ ሰው አልቆ ነበር። ቢሆንም መጣ። የተረፈ ሰው አለ።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ። ኮሚክ ሪሊፍ የሚባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት የተመሠረተው በ1985 ነው፤ ምክንያቱም ያው የእኛ ረሃብ ነበር። በ2007 ቢቢሲ ባቀረበው የኮሚክ ሪሊፍ ምሽት ላይ ውድድር ነበር። መስመሩ ችግር ገጠመው። አሸናፊ ተብሎ በአየር ላይ የተናገረው ደዋይ የዝግጅቱ ባልደረባ ሆኖ ተገኘ። በእኛ ሙታን ምክንያት በተወለደ የእርዳታ ምሽት ላይ! ኦፍኮም በ2008 ቢቢሲን 400 ሺህ ፓውንድ ሲቀጣው ከስምንቱ ፕሮግራሞች ውስጥ ስፖርት ሪሊፍና ችልድረን ኢን ኒድም ነበሩበት። ሁሉም ሰው እጁን ለሌላው የሚዘረጋባቸው ምሽቶች ናቸው።

ስለዚህ የማስታወቂያ ሰው ልጄ፣ «ማንም አልበላም» ስትለኝ አልቀበልህም። ነገ ሌላ ረሃብ ቢመጣ፣ ያ ሕዝብ «ይህም ደዋይ የተቀጣጠረ ይሆን?» ብሎ ቢጠራጠር፣ የሚሞተው የእኛ ሰው ነው።

የማስታወቂያ ሰው፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ዜናውና መዝናኛው ለየብቻ ነው የሚሠሩት። የዜና ክፍሉ በዚህ ውስጥ እጁ የለበትም።

ጋሽ ሬዲዮ፦ ሕንፃው ውስጥ ለየብቻ ነው። ሰውየው ቤት ሲደርስ ግን ያው አንድ ቴሌቪዥን ነው።

ቁጥር ወዳዱ፦ እስቲ ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ቅጣት ይበቃል የምትሉ ሰዎች ይህን ተመልከቱ።

አይቲቪ ዴሎይት የተባለውን የሒሳብ ድርጅት አስመርምሮ በኦክቶበር 2007 ያወጣው ሪፖርት፣ ተመልካቾች በትክክል ባልተስተናገደ ጥሪና መልእክት 7.8 ሚሊዮን ፓውንድ እንዳወጡ ይገልጻል። ገንዘቡን ለጠየቀ እንደሚመልስ፣ ጠያቂ የሌለውን ለበጎ አድራጎት እንደሚሰጥ ቃል ገባ። እሺ። ግን እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ቅዳሜ ማታ ስንቴ እንደደወለ የሚያስታውስ ማን ነው? ለየትኛው ጨዋታ እንደሆነስ? ደረሰኝ የለ ምን የለ።

ቢቢሲ ጋ ስትመጡ ደግሞ ይብሳል። ቢቢሲ የሚተዳደረው ከየቤቱ በሚሰበሰበው የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ ነው። በ2007 ክፍያው በዓመት 135.50 ፓውንድ ነበር። መቀጮው ከዚያው ከረጢት ወጥቶ መንግሥት ካዝና ገባ። እዚያ የሚኖረው የእኛ ሰውም ከፍሏል። ስለዚህ የተታለለው ሰው ራሱ ነው ቅጣቱን የከፈለው። ይህ ቅጣት ተብሎ ይጠራል?

ኃላፊነት ወስዶ የወረደ ሰው ሲፈለግም ጥቂት ነው። የጂኤምቲቪ ዋና ሥራ አስኪያጅ ፖል ኮርሊ ለቀቀ። የቢቢሲ አንድ ኃላፊ ፒተር ፊንቻምም በዚያው ዓመት ወረደ፤ የእሱ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ንግሥቲቱ ተቆጥተው ፎቶ ቀረፃ ትተው የወጡ የሚያስመስል ማስታወቂያ ለጋዜጠኞች በመታየቱ ነው። ለንግሥቲቱ ክብር ሲሆን ወንበር ይለቀቃል። ለተራው ደዋይ ግን እንዲህ አይደለም፤ ይህ ያናድደኛል።

ሾፌሩ፦ ተባረክ። ይህን ነው የምለው።

የማስታወቂያ ሰው፦ ቁጥር ወዳዱ፣ ሒሳብህን አልክድም። ግን 7.8 ሚሊዮኑ እንዴት እንደመጣ ብታዩት ክርክራችን ይጠቅማል። «አንት ኤንድ ዴክስ ሳተርዴይ ናይት ቴክአዌይ» የሚባል የቅዳሜ ምሽት ፕሮግራም ነበር። ተመልካች ደውሎ ዕድለኛ ከሆነ ካሜራ ሠፈሩ ድረስ ይመጣለታል። ዕጣው በዘፈቀደ መውጣት ነበረበት። አዘጋጆቹ ግን ደዋዮቹን ማጣራት ጀመሩ። የቀረፃው ቡድን ካለበት አካባቢ የሆነ ሰው፣ ሳቂታ፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ካሜራ የማይፈራ። ሌላው ሁሉ ከፍሎ ደውሎ ከመጀመሪያውም ዕድል አልነበረውም። «ሶፕስታር ሱፐርስታር» በሚባለው ደግሞ ተመልካች የመረጠውን ዘፈን እየተዉ የራሳቸውን ያዘፍኑ ነበር።

ይህን የሚያደርግ ሰው ሌባ ነኝ ብሎ አያስብም። ጥሩ ፕሮግራም ልሥራ ብሎ ነው የሚያስበው። የሙያው በሽታ ይህ ነው፤ እኔም በዙሪያዬ አይቼዋለሁ። አለቃ «አሰልቺ ሰው እንዳታመጣብኝ» ይላል። ወጣቱ ተባባሪ አዘጋጅ አሰልቺ ሰው ላለማምጣት ዝርዝሩን ያጠራል። አለቃ ደግሞ እንዴት እንዳመጣው አይጠይቅም። ይህንን በመከልከል አታድኑትም፤ ነገ በነፃ ውድድርም ያው ይደገማል። የሚያድነው አሠራር ነው። ቢቢሲ በጁላይ 2007 የስልክ ውድድሮቹን በሙሉ አቆመ። ከ16 ሺህ በላይ ሠራተኛም ስለ ታማኝነት ሥልጠና እንዲወስድ አደረገ። ከዚያ በኋላ የወጣው የኦፍኮም ደንብ ጣቢያው ራሱ ኃላፊ እንዲሆንና ከውጭ የመጣ ገለልተኛ አጣሪ ቆጠራውን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

የለንደኗ፦ በ2005 የብሪቲሽ ኮሜዲ አዋርድስ ላይ የሆነውንስ በምን ታስረዳዋለህ? «የሕዝብ ምርጫ» የሚባለውን ሽልማት ብዙ ድምፅ ያገኘው የካትሪን ቴት ፕሮግራም ነበር። የተሰጠው ለዚያው ለአንት ኤንድ ዴክ ፕሮግራም ነው። ስሙ ራሱ የሕዝብ ምርጫ!

የማስታወቂያ ሰው፦ እሱን አላስረዳም። እሱ ነውር ነው።

ሾፌሩ፦ እኔ የምለው ቀላል ነው። ዕቁብ የጠጣ ሰው ሁሉ ይገባዋል። ዕጣ ሲወጣ ዳኛው ብቻውን ጓዳ ገብቶ «ለእከሌ ወጣ» ብሎ አይመጣም። ወረቀቱ ሲጠቀለል ሁሉም ያያል። ሕፃን ይጠራና ያወጣዋል። እንደዚያም ሆኖ ጥርጣሬ ይነሳል። ቴሌቪዥኖቹ ግን ገንዘቡን የሚሰበስቡት እነሱ፣ ዕጣውን የሚያወጡት እነሱ፣ አሸናፊውን የሚነግሩን እነሱ ናቸው። አገር ቤት ብሔራዊ ሎተሪ እንኳ ዕጣውን ሕዝብ ፊት ነው የሚያወጣው። ጣቢያዎቹ ከሎተሪ በምን ተለይተው ነው የሚታመኑት?

የቴሌኮሙ፦ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። በዚህ መስመር ሠርቼ ስለማውቅ ማጭበርበሩ የትኛው ጋ እንደሚገባ ላሳያችሁ። የምትከራከሩበት ነገር በደንብ ካልታየ መፍትሔውም አይታይም።

አንድ ሰው ሲደውል ወይም አንድ ፊደል ጽፎ ወደ አጭር ቁጥር ሲልክ ገንዘቡ በቀጥታ ለጣቢያው አይሄድም። ቴሌው ድርሻውን ይወስዳል። መሃል ላይ መስመሩን የሚያስተዳድርና መልእክቱን የሚሰበስብ ድርጅት አለ፤ እሱም ይወስዳል። የተረፈውን ጣቢያውና አዘጋጁ ይካፈሉታል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያለ ሁሉ ገቢው የሚያድገው የደዋዩ ቁጥር ሲያድግ ነው። «በቃ፣ መስመሩን ዝጉ» ብሎ የሚጠቀም አንድም ሰው የለም።

የጂኤምቲቪ ጉዳይ ይህን ያሳያል። መስመሩን የሚያስተዳድረው ኦፔራ ቴሌኮም የሚባል ድርጅት ነበር። ፕሮግራሙ ጠዋት ነው፤ አሸናፊው ፕሮግራሙ ሳያልቅ ስልክ ላይ መገኘት አለበት። ስለዚህ ሠራተኞቹ መስመሩ ሳይዘጋ ቀደም ብለው ለመጨረሻ ዙር የሚገቡትን ይመርጡ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን «ደውሉ፣ ገና ነው» መባሉ ይቀጥላል። ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ የደወለ እያንዳንዱ ሰው በከንቱ ነው የከፈለው። ለዓመታት እንዲህ ተኖረ። ያወጣው የቢቢሲ የምርመራ ፕሮግራም ፓኖራማ ነው፤ በኤፕሪል 2007። ድርጅቱ ለብቻው 250 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ።

የአጭር መልእክት ችግር ደግሞ ሌላ ነው። መልእክት ወረፋ ይይዛል። ቅዳሜ ማታ ሚሊዮን ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሲልክ የአንዳንዱ ድምፅ መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ይደርሳል። ሂሳቡ ግን ተቆርጧል። በብሪታንያ እንዲህ ተከፍሎባቸው ሳይቆጠሩ የቀሩ ድምፆች ነበሩ። እዚህ ላይ ክፉ ሰው አያስፈልግም፤ ቸልተኛ ሰው ይበቃል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። መቼ፣ ከስንት ቁጥር፣ ስንት ድምፅ እንደገባ የሚመዘግበው ቴሌው ነው። ያ መዝገብ በጣቢያው በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ለተቆጣጣሪው ይሂድ። ጣቢያው የሚቀጥረው ገለልተኛ አጣሪ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ደመወዙን የሚከፍለው የሚያጣራው ቤት ከሆነ ምን ያህል አፉን ይከፍታል?

ልጅ እግር፦ እኔ ግን ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ክርክር ይመስለኛል። አሁን እንግሊዝ አገር ትልልቆቹ ውድድሮች በመተግበሪያና በድረ ገጽ በነፃ ድምፅ ያሰጣሉ። የቢቢሲ የዳንስ ውድድር አካውንት ከፍተህ በነፃ ነው የምትመርጠው። ገንዘብ ከሌለ ምን ይሰረቃል?

አገር ቤት ደግሞ ሌላ ነው። እናቴ የድምፃውያን ውድድር ሲኖር ካርድ ሞልታ ለሠፈራችን ልጅ ትልካለች። ሁሉም ጎረቤት ይልካል። እኛ ከውጭ አጭር ቁጥሩ ስለማይሠራልን «እኔንም አስገቡልኝ» ብለን ብር እንልካለን። እናቴ ሽልማት አትጠብቅም። ልጁን ወዳው ነው፤ ከኔትወርኩ ጋር እየታገለች ስትልክ ታመሻለች። «ተከልክሏል» ብትሏት ትቀየማችኋለች። ከፍላ የምትገዛው ደስታ ነው፤ ማን ይከለክላታል?

የለንደኗ፦ ልጅ እግር፣ የእናትህ ደስታ እውነተኛ እንዲሆን ነው እኛስ የምንከራከረው። የላከችው ድምፅ ባይቆጠር ደስታዋ ምን ይሆናል? አታውቅማ። የማታውቀው መሆኑ ነው ችግሩ።

ነፃ ነው ያልከውንም እይ። የቢቢሲው የዳንስ ውድድር ስንት ድምፅ ለማን እንደገባ አያወጣም። ማን እንዳለፈና ማን እንደወደቀ ብቻ ነው የሚነግርህ። ነፃ ሆነም አልሆነ ቁጥሩን ካላየሁ በምን አምናለሁ?

የማስታወቂያ ሰው፦ ቁጥር የማይወጣበት ምክንያት አለው። በየሳምንቱ ብታወጣው ሰው መሪውን አይቶ ይከተላል፣ ወይም «የእኔ ልጅ አያልፍም» ብሎ ይተዋል። የመጨረሻው ተወዳዳሪ ደግሞ የ19 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። አገር ሁሉ እያየ «አንተን የመረጠህ ይህን ያህል ሰው ብቻ ነው» ሊባል አይገባም።

የቴሌኮሙ፦ ከፍፃሜው በኋላ ይውጣ። የዘፈን ውድድሩ «ኤክስ ፋክተር» እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ውድድሩ ሲያልቅ የየሳምንቱን የድምፅ ድርሻ በመቶኛ ያወጣ ነበር። ማንም አልሞተም።

ቁጥር ወዳዱ፦ ደግሞ በክፍያ ድምፅ ውስጥ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። አንድ ሰው አንድ ድምፅ የለውም። አምስት ብር ያለው አምስት ጊዜ ይልካል፤ ሺህ ያለው ሺህ። የልጅ እግር እናት ካርድ ሞልታ የላከችውን አንድ ሀብታም አጎት በአንድ ምሽት ይውጠዋል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ሕጉ ራሱ እንዲህ ነው። ቆጠራው ንፁህ ቢሆን እንኳ «የሕዝብ ምርጫ» ማለት ይቻላል? ከአንድ ስልክ የሚቆጠረው ድምፅ ገደብ ይኑረው።

ልጅ እግር፦ በዚህ እስማማለሁ። እናቴም ትስማማለች።

የማስታወቂያ ሰው፦ እኔ ግን እዚህ ላይ ተቃውሞ አለኝ። ገደብ ስታደርግ ገቢው ይወርዳል። ማስታወቂያ እንደ ድሮው አይገኝም። በዚህ ገቢ የሚኖር ፕሮግራም አለ፤ ወጣት ድምፃዊ መድረክ የሚያገኘው በዚያ ነው። ጣቢያውን ገንዘብ አልባ አድርጋችሁ ታማኝ ሁን ማለት ይከብዳል።

ጋሽ ሬዲዮ፦ ልጄ፣ ይህንኑ ነው አሜሪካኖቹም በሃምሳዎቹ ያሉት። «ትዌንቲ ዋን» የሚባል የጥያቄ ጨዋታ ነበራቸው። ቻርለስ ቫን ዶረን የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር በየሳምንቱ ያሸንፋል፤ አገር ሁሉ ይወደዋል። መልሱ ተሰጥቶት ነበር። ከእሱ በፊት ሻምፒዮን የነበረው ኸርበርት ስቴምፕል ደግሞ የሚያውቀውን ጥያቄ ሆን ብሎ እንዲስት ታዘዘ። ያኔም አስተዋዋቂው ይህን ይፈልጋል፣ ተመልካች ይህን ይወዳል ተባለ። ቫን ዶረን በኖቬምበር 1959 ኮንግረስ ፊት ቀርቦ አመነ። በ1960 ሕግ ወጣና የጥያቄ ውድድር ማጭበርበር በአገር ደረጃ ወንጀል ሆነ። የጥያቄ ጨዋታ ግን ከአሜሪካ ቴሌቪዥን አልጠፋም፤ ዛሬም አለ። ገበያው አልሞተም።

ስለዚህ እኔ ይከልከል አልልም። ወንጀል ይሁን ነው የምለው። ኩባንያው መቀጮ ከፍሎ ብቻ አይለፍ። አሸናፊ የፈጠረው፣ ያዘዘው፣ አውቆ ዝም ያለው ሰው በስሙ ይጠየቅ። የአንድ ተባባሪ አዘጋጅ እጅ የሚንቀጠቀጠው ያኔ ነው።

የለንደኗ፦ ጋሼ፣ በዚህ እርስዎን እደግፋለሁ። ግን አንድ ነገር ይጨመርልኝ። ታች ያለው ወጣት ብቻ እንዳይበላበት። በብሉ ፒተር ጊዜ ያ የተጨነቀ ባልደረባ «መስመሩ ተበላሽቷል፣ አሸናፊውን በሚቀጥለው ሳምንት እንነግራችኋለን» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ልጆች ይረዱ ነበር እኮ! ያንን ለማለት ያልደፈረው አለቃውን ስለፈራ ነው ብዬ አምናለሁ። ሕጉ አለቃውን ካልነካ ፍርሃቱ ይቀጥላል።

የማስታወቂያ ሰው፦ ይህን በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ። «መስመር ተበላሽቷል» ማለት ነውር የማይሆንበት ቤት ቢኖር ከዚህ ግማሹ አይፈጠርም ነበር። የቴሌኮሙ ያለውን፣ መዝገቡ በቀጥታ ለተቆጣጣሪ ይሂድ የሚለውንም እቀበላለሁ። ከፍፃሜ በኋላ ቁጥሩ ይውጣ። የአንድ ስልክ ገደብ ላይ ግን አልተስማማሁም።

ሾፌሩ፦ እኔ አሁንም ይከልከል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ። እንግሊዝ አገር ኦፍኮም አለ፣ ፓኖራማ አለ፣ ዴሎይት ገብቶ ይመረምራል፣ ጋዜጣው ይጮኻል። ይህ ሁሉ እያለ ለዓመታት ሰው ከፍሎ ተታሏል። ይህ ሁሉ በሌለበት አገር «ቁጥጥር ይበቃል» ስትሉኝ ማን ነው የሚቆጣጠረው? መዝገቡ ለተቆጣጣሪ ይሂድ ብላችኋል፤ ጥሩ። ያ ሕግ መጀመሪያ ይውጣ፣ ከዚያ ውድድሩ ይፈቀድ። እናንተ የምትሉት ተገላቢጦሽ ነው፤ ውድድሩ ይቀጥል፣ ሕጉ ሲደርስ ይደርሳል።

የማስታወቂያ ሰው፣ አንተ ከውስጥ ነህ። በምትሠራበት ቤት አንድ ውድድር ሲያልቅ ስንት ድምፅ እንደገባ፣ መስመሩ በስንት ሰዓት እንደተዘጋ፣ ዘግይቶ የደረሰው ስንት እንደሆነ አስወጣ። አንድ ጊዜ ብቻ። እሱን ካየሁ አቋሜን እቀይራለሁ።

የማስታወቂያ ሰው፦ ሰኞ የዝግጅት ስብሰባ አለን። በአጀንዳ አስይዘዋለሁ። እምቢ ካሉም እዚሁ መጥቼ እምቢ አሉ እላችኋለሁ።